የማክሰኞ ጉንጭ

ባለፈው ወር እናቴ ደወለችና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣ "ያንን ቀለም ፈልጊልኝ" አለችኝ።

"የቱን ቀለም?"

"የቱን ትለኛለች እንዴ! የጉንጩን ነዋ። ያንን ደማቁን።"

እናቴ ሰባ ዓመቷን ልትደፍን ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒት ትውጣለች፤ ከፍ ያለ ደረጃ ባየች ቁጥር ደረጃውን የሠራውን ሰው ትራገማለች። ለማን ነው ብላት፣ "ለእኔ ነዋ፣ ለማን ሊሆን ኖሯል!" አለችኝ። ከኋላዋ የአክስቴ ድምፅ፣ "ሁለት ትግዛ በያት! ሁለት!" ሲል ተሰማኝ። እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ከሆኑ ከእነሱ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ስለሆነ ስልኩን ዘግቼ ፍለጋ ወጣሁ።

የገባሁበት ሱቅ ሁሉ የሚያሳዩኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ፈዘዝ ያለ፣ የቆዳ መልክ ያለው፣ ተቀብተሽው ያልተቀባሽ የሚያስመስል። "ይሄ በጣም ተፈጥሯዊ ነው" አለችኝ አንዷ ሻጭ። እኔ የምፈልገው ተፈጥሯዊ ያልሆነውን ነው ስላት፣ እንደ በሽተኛ አየችኝ። አልፈረድኩባትም። በዚያ ቀለም ምክንያት እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰላም አግኝቼ አላውቅም።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እናቴ፣ አክስቴና እኔ። አባቴ እኔ ዳዴ ስል ሩቅ አገር ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ በመካከላቸው ብዙም ዕድሜ የለም። በቁመት፣ በመልክ፣ በአካሄድ ይመሳሰላሉ፤ በአመል ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ያለን አንድ ክፍል ነው። አልጋው የእነሱ፣ ፍራሹ የእኔ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለችው መስታወት ደግሞ ቀድሞ ለደረሰ ሰው ናት። እናቴ መሐል ከተማ አንድ የውበት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነበረች። የሱቁ ባለቤት ሙቀት ሆነ ዝናብ ከረባቱን አውልቆ ስለማያውቅ እኛ ቤት ስሙ ጋሼ ከረባት ነው። አክስቴ ቤት ቁጭ ብላ ለአንድ ልብስ ሰፊ ቁልፍ ትተክላለች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁሉንም ነገር አውቃለሁ ብዬ የማስብበት ዕድሜ።

አንድ ቀን እናቴ ከሥራ ስትመለስ ክዳን ያላቸው ሦስት ትንንሽ ክብ ቆርቆሮዎች ይዛ መጣች። ጋሼ ከረባት፣ ሻጯ ራሷ ካልተቀባች ማን ይገዛል ብሎ፣ አልሸጥ ያሉትን የጉንጭ ቀለሞች ከመደርደሪያ አውርዶ፣ "የወደድሽውን ምረጪና ከነገ ጀምሮ ተቀብተሽ ግቢ" ብሏታል። እህትማማቾቹ መስኮቱ ሥር ቆመው መሞከር ጀመሩ። እኔ በመካከላቸው አንገቴን አስገባሁ።

የመጀመሪያው የበሰለ ኮክ ይመስላል። እናቴ ስትቀባው ፊቷ ፈካ አለ፤ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር። "እሱን! እሱን!" ብዬ ዘለልኩ።

"ያምራል" አለች አክስቴ ቅር እያላት።

"ማማሩ ነው እኮ ችግሩ" አለች እናቴና በጨርቅ ጠረገችው።

ሁለተኛው ቡኒ ቢጤ ነው። ከመቀባቱ ጠፋ፤ ክዳኑን መልሰው ጣሉት። ሦስተኛው ሲከፈት እኔ ራሴ ወደ ኋላ አልኩ። ቀይ እንዳይባል ሮዝ ነው፣ ሮዝ እንዳይባል ቀይ ነው። የቀይ ሥር ውሃ የተደፋበት ነገር ነው። አክስቴ በጣቷ ዛቅ አድርጋ የእናቴን ጉንጭ አሸችው፤ ቀጥላ የራሷን። ከዚያ ሁለቱም ከመስታወቷ ራቅ ብለው ጎን ለጎን ቆሙ።

"እይ እስቲ" አለች አክስቴ። "ፊትሽ ጠፋ እኮ! ጉንጭ ብቻ ሆነሽ ቀረሽ።"

"አንቺም።"

"በቃ፣ ይሄ ነው።"

"ይሄ ነው" አለች እናቴም፤ እፎይ ብላ።

ፊቷ እንዲጠፋላት ቀለም የምትመርጥ ሴት ከዚያ በፊትም አላየሁ፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁ። አስቀያሚ ነው ብዬ ጮህኩ። "አንቺን ማን ጠየቀሽ?" ተባልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ እኔን የሚጠይቅ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠዋታችን ሁሉ በአንድ ጥያቄ የሚጀምር ሆነ። ከአልጋው ላይ አንዷ ትነሳና፣ "ዛሬ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" ትላለች። አብዛኛውን ቀን እናቴ ናት። አንዳንድ ቀን ግን አክስቴ ትሆንና ቀለሙን ተቀብታ፣ የእናቴን ሰማያዊ የሥራ ጋዋን ለብሳ፣ ነጩን ሻሽ ግንባሯ ድረስ አስራ ትወጣለች። እናቴ በዚያን ቀን ፊቷን ታጥባ፣ አንድ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ ቀደም ብላ ትሄዳለች። ሲጨቃጨቁም፣ "መጀመሪያ አንቺ ጨርሺ፣ ከዚያ እኔ" ሲባባሉ እሰማለሁ። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ቆርቆሮው አንድ ነው፣ ሴቶቹ ሁለት ናቸው፣ ስለዚህ ቆንጆ የሚሆኑት በተራ ነው። አክስቴ ጋዋኑን የምትለብሰውም ሱቁ ሥራ ሲበዛበት እናቴን ለማገዝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች አንዲት ቆርቆሮ ተጨማሪ መግዛት አቅቷቸው እንዲህ መሆናቸው ያበሳጨኝ ነበር።

እውነቱን የነገረኝ የለም። ካደግሁ በኋላ እየተጨቃጨቁ ሲያወሩ ከዚህም ከዚያም ለቅሜ የገጣጠምኩት ነው። እናቴ ነርስነት ትማር ነበር። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ቀን። ጋሼ ከረባት ደግሞ ከእሷ በፊት የነበረችው ሻጭ ተምራ ጥላው ስለሄደች፣ እናቴን ሲቀጥር "ተማሪ ደጄ እንዳይደርስ" ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ አክስቴ እናቴን ሆና ሱቅ ትገባለች። ጋሼ ከረባት አብዛኛውን ጊዜ ፎቅ ላይ ካለችው ቢሮው አይወርድም፤ ደንበኛውም ሻጯን የሚያውቃት በዚያ ጉንጭ ነው። ነገሩ ከታወቀ እናቴ ከሥራ ትባረራለች፤ ደሞዙ ከሌለ ትምህርቱም የለም። ይህንን ለእኔ ያልነገሩኝ አፌ ወሬ አይቋጥርም ብለው ነው። እሺ፣ አይቋጥርም። ቢነግሩኝ ኖሮ ግን የሚቀጥለው ሁሉ አይመጣም ነበር፤ እስከ ዛሬም የምላቸው ይህንኑ ነው።

ማታ ማታ ራት ላይ ሌላ ጣጣ ነበር። እናቴ እንደ መምህር ትጠይቃለች፣ አክስቴ እንደ ሰነፍ ተማሪ ትመልሳለች።

"ረጅሟ፣ ከበሩ ሳትደርስ የምታስለው?"

"የፋርማሲስቱ ሚስት። የእጅ ቅባት፣ ሽታ የሌለው።"

"ልጇስ? ልጇን መጠየቅ አለብሽ። ምን ሆኖ ነበር?"

"እጁን ተሰብሮ።"

"የቱን እጁን?"

"እኔ ምን አውቄ! ልጁን አይቼው አውቃለሁ?"

"ግራውን! ግራውን ነው ያልኩሽ! ነገ የቀኙን ብትጠይቂያትስ?"

እኔ ደግሞ ሐሜት የሚወዳደሩ መስሎኝ፣ የሰው ቤት ወሬ ማውራት ነውር ነው ብዬ ገሰጽኳቸው። ሁለቱም ጉርሻቸውን እንደያዙ አዩኝና ሳቁብኝ።

ውጪ ያለው ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤት ስሜ "የጉንጯ ልጅ" ሆነ። አንድ ቀን የጓደኛዬ እናት መንገድ ላይ አስቆመችኝና፣ "እናትሽ ምነው ኮራች? ትናንት ሱቅ ገብቼ ሰላም ስላት፣ እንደማታውቀኝ ሁሉ 'ምን ልታዘዝ' አለችኝ እኮ" አለች። አፈርኩ። እየሮጥኩ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ አክስቴ ዞረች።

"ሰላም በያት አላልኩሽም?"

"የቷ እንደሆነች በምን ልወቃት? ጥርሷ ወርቅ ነው ያልሽኝ! አፏን ሳትከፍት ጥርሷን ከየት ልይ?"

ሴትዮዋን የዘጋቻት እናቴ፣ የምትሰደበው አክስቴ። ጭንቅላቴን ይዤ ፍራሼ ላይ ተኛሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ሰዎች ደህና አይደሉም ብዬ ከልቤ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ሁሉም ነገር የፈነዳው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ረቡዕ የእናቴ ቀን ነው። ነገር ግን ማታውን በሹክሹክታ፣ "ነገ ያ ነገር አለብኝ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው" ስትል ሰምቻለሁ። ዛሬ እንደማውቀው "ያ ነገር" የተዛወረ ፈተና ነው። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ተቀብተው መስታወቷ ሥር ቆመዋል። አራት የቀይ ሥር ጉንጮች።

"ዛሬ አንቺ ነሽ ብለሽኝ!" አለች አክስቴ።

"ልማድ ሆኖብኝ ነዋ! አሁን በዚህ ጉንጭ እንዴት ነው እዚያ የምገባው?"

"ታጠቢዋ!"

"ታጥቤያለሁ! አይለቅም! ምን አድርገሽበት ነው?"

"እኔ? እኔ ነኝ ፋብሪካው?"

እናቴ ጉንጯን በፎጣ እየፈተገች፣ አክስቴ ቆርቆሮውን ልትደብቅ፣ እናቴ ልትቀማት፣ ቆርቆሮው ከእጃቸው አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ቀለሙ እንደ ጡብ ዱቄት ተበተነ። ሁለቱም ተንበርክከው በወረቀት ጠርዝ መሰብሰብ ጀመሩ። እናቴ እያለቀሰች ነበር። ለአንዲት ቆርቆሮ ቀለም! ያለቀሰችው ፈተናው ሊያመልጣት ስለነበረ ነው፤ ይህንን ግን እኔ ያኔ ከየት ላምጣው? እኔ ያየሁት እናቴ ቁንጅናዋ ሲሚንቶ ላይ ፈስሶባት ስታለቅስ ነው። በቃ፣ አንድ ሰው ለዚህ ቤት መላ ማምጣት አለበት አልኩ።

ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቅ እንዳልመጣ በጥብቅ ተከልክያለሁ፤ ምክንያቱን ግን የነገረኝ ስለሌለ ክልከላውን እንደ ክልከላ አልቆጠርኩትም። በሩን ስገፋው ከላዩ የተንጠለጠለችው ደወል ጮኸች። ውስጡ ሳሙናና አልኮል ይሸታል። ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ አክስቴ ጋዋኗን ለብሳ ጠርሙሶች ትወለውላለች። ጋሼ ከረባት በዚያን ሰዓት ከፎቅ ወርዶ በሩ አጠገብ ሳጥን እየከፈተ ነበር። አክስቴ ስታየኝ እጇ ጠርሙሱ ላይ ቀረ። ዓይኗ ወደ በሩ ያመለክተኛል፤ እኔ ግን ጉዳዬ ከእሷ ጋር አይደለም።

"ጋሼ፣ ያንን ደማቁን ቀለም አንድ ሌላ ይስጡን" አልኩት።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የሻጯ።"

ወደ ባንኮኒው ተመለከተ። "የዚችው?"

"እሷማ አክስቴ ናት።"

ጋሼ ከረባት ከሳጥኑ ላይ ቀና አለ።

"እናትሽስ?"

"እሷም እዚሁ አይደለች እንዴ? ጓዳ ትሆናለች።" ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። በአንድ ቆርቆሮ ሁለት ሴቶች እየተጣሉ ቤቱን እንዳመሱት፣ በተራ እንደሚቀቡ፣ ዛሬ ጠዋት ወድቆ እንደተደፋ፣ ሁለት ቢሆን ግን ሰላም እንደሚወርድ ነገርኩት።

"ዛሬ የማን ተራ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"የአክስቴ ነዋ። ጉንጯን አያዩትም?"

ጋሼ ከረባት ከረባቱን ጠበቅ አደረገ። አክስቴን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና አክስቴን አየ። አክስቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች፤ ከጉንጯ ሌላ ያለው ፊቷ ሁሉ አመድ መስሏል። ሰውዬው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ከላይኛው ረድፍ አንድ ክብ ቆርቆሮ አወረደ፤ አቧራውን እፍ አለና በወረቀት ጠቀለለው።

"ይሄንን ለእናትሽ ስጫት" አለ፣ አክስቴ እንድትሰማ ከፍ ባለ ድምፅ። "እንዲህ ብሎሻል በያት፦ አንዷ ክብ አድርጋ ትቀባለች፤ አንዷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ትስበዋለች። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ እንኳ ይለየኛል። ተስማምተው አንድ ዓይነት ያድርጉት።"

"እሺ ጋሼ።"

"ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀና ደረጃውን ወጣ። አክስቴን ቻው ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ገብታለች። ቆርቆሮውን ሰጥቼ መልእክቱን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ አልጋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"ምን አልሽ? ቃል በቃል ድገሚው።"

"አንዷ ክብ፣ አንዷ እስከ ጆሮ። ፎቅ ላይ ሆኖ እንኳ ይለየዋል። አንድ ዓይነት አድርጉት።"

"ሌላስ? አትምጪብኝ አላለም?"

"ለምን ይላል?"

በሩ ተበርግዶ አክስቴ ገባች፤ ቀለሙ ከእንባዋ ጋር አገጯ ድረስ ወርዷል። "አላባረረንም!" አለች እያለከለከች። "እስኪመሽ ጠብቄ ጠየቅሁት። 'ነገ ሐሙስ አይደለም? አንቺ ነሽ የምትገቢው' አለኝ። ሐሙስን ያውቃል! ሁሉንም ያውቃል!" ተቃቅፈው አልጋው ላይ ወደቁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ የሚስቁ መሰለኝ፣ በመጨረሻ መለየት አቃተኝ። መላ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያመሰገነኝ ግን የለም። እንዲያውም አክስቴ ቀና ስትል ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችው፤ ወዲያው ደግሞ ያንኑ ጆሮ ሳመችው።

በዚያው ምሽት መስታወቷ ሥር ቆመው ሊስማሙ ሞከሩ። እናቴ ክብ ይሁን አለች፤ አክስቴ እስከ ጆሮ ይሳብ አለች። ሁለቱም አልለቅም አሉ። ሰላም ያወርዳል ያልኩት ሁለተኛ ቆርቆሮ አዲስ ጦርነት ከፈተ።

ጋሼ ከረባት አርጅቶ ከሥራ ከተገለለ በኋላ አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ፤ ለምን ዝም እንዳለ። "ታናሽየዋ በአንድ ማክሰኞ የምትሸጠውን ታላቅየዋ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ አትሸጠውም" አለኝ። "ታላቅየዋን ባባርር ታናሽየዋን ከየት አመጣታለሁ?" ይህንን ለእናቴ ስነግራት ለሰውዬው ያላት ምስጋና ሁሉ በአንዴ በነነ። "እኔ ነኝ የማልሸጠው? እኔ?" እያለች ሰነበተች።

እናቴ ጨርሳ ነርስ ሆነች። ያኔ ነው "መጀመሪያ አንቺ ጨርሺ፣ ከዚያ እኔ" የመስታወት ተራ እንዳልነበረ የገባኝ። ቃል ተገባብተው ነበር። እናቴ ስትመረቅ በተራዋ ባንኮኒው ጋ ልትቆም፣ አክስቴ ልትማር። ግን ሆስፒታሉ የሌሊት ተረኝነት ሰጣት፤ እኔም አደግሁና ወጪዬም አብሮኝ አደገ፤ ጋሼ ከረባት ሲደክም ሱቁን ለአክስቴ ለቀቀላት። የአክስቴ ተራ ዛሬ ነገ ሲባል ጠፋ። "እኔ ድሮም ትምህርት አልወድም" ትላለች አክስቴ። "ትዋሻለች" ትላለች እናቴ። በእኔ ሠርግ ላይ ሳይቀር በዚህ ተጣልተዋል፤ ሙሽራዋን ዳኛ አድርገው። እኔም ተዉኝ ብዬ አልቅሻለሁ።

ከአክስቴ መደርደሪያ እንኳ ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆነውን ቀለም በመጨረሻ ያገኘሁት የቲያትር ሰዎች በሚገዙበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። "ለመድረክ ነው?" አለኝ ሻጩ። "አዎ፣ ለመድረክ ነው" አልኩት፤ ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። ሁለት ገዛሁና በማግስቱ ማክሰኞ ወደ አክስቴ ሱቅ ወሰድኩላቸው። ለምን እንደፈለጉት እንኳ እስከዚያ ሰዓት አልነገሩኝም፤ እንደ ልማዳቸው።

ስገባ ባንኮኒው ኋላ የቆመችው እናቴ ናት፤ ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ። አክስቴ ባንኮኒው ፊት ለፊት፣ አዲስ ደብተር በዘንቢል ይዛ፣ እንደ ደንበኛ ቆማለች።

"ምንድነው ይሄ?"

"ተመዘገብኩ" አለች አክስቴ ዓይኗን ሰብራ። "አረጋውያንን መንከባከብ የሚያስተምር ኮርስ። ማክሰኞና ሐሙስ።"

"አክስቴ፣ አንቺ ራስሽ አረጋዊ ነሽ እኮ!"

"ልምድ አለኝ ማለት ነው።"

"እማዬ፣ አንቺስ በዚህ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ልትቆሚ ነው? ሻጭ መቅጠር አይቻልም? ደግሞ ሱቁ የራሷ ነው፤ ከማን ተደብቃችሁ ነው የምትቀቡት?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አሉ አንድ ላይ፤ ቆርቆሮዎቹንም ከእጄ ነጠቁኝ።

ባንኮኒው መስታወት ፊት ተጋፍተው ተቀቡ። እናቴ ክብ አደረገችው። አክስቴ እስከ ጆሮዋ ሳበችው። የተሸበሸበ ጉንጭ ላይ ያ ቀለም ድሮ ከነበረው እጥፍ ይጮኻል። ሁለቱም ግን ራቅ ብለው ቆመው በጣም ረክተው ተያዩ። እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ መደርደሪያ የማስተካክል መሰልኩ።

አክስቴ ዘንቢሏን አነሳች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ እጀታውን ይዛ ቆመች። አልወጣችም። ደወሏ እንኳ እንዳትጮህ ፈርታ በሩን የማትከፍተው ይመስል ነበር።

"ዛሬ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" አለች ሳትዞር።

እናቴ በዚያ ጉልበቷ ከባንኮኒው ኋላ ወጣች፤ እያነከሰች ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተችላት።

"ሱቁ ላይ እኔ ነኝ" አለቻት። "አንቺ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።"